የአያ ደምሴ ምት

ባለፈው ቅዳሜ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ለማባዛት ከዳባት ደባርቅ ወጥቼ ነበር። የትምህርት ቤታችን ማባዣ ከተበላሸ ሰንብቷል። ደባርቅም ወረፋ ስለጠበቀኝ ወረቀቴን ለባለሱቁ ትቼ ከአበጀ ጋር ሻይ ቤት ገባሁ። አበጀ አብሮ አደጌ ነው። በቅሎዎች አሉት፤ ተራራ ሊወጡ ለሚመጡ እንግዶች ድንኳንና ስንቅ ጭኖ እስከ አምባራስ፣ አንዳንዴም እስከ በየዳ ይዘልቃል። ያን ቀን እንግዶቹ ከጎንደር ስለዘገዩበት እሱም ጊዜ ነበረው። እሱ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ፤ እኔ ከቀኙ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አስተናጋጇ እግር ኳስ ፍለጋ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስትቀያይር ጎልፍ ላይ ደረሰች። ነጭ ቆብ ያደረገ አንድ ሰው ማለቂያ በሌለው ለምለም ሜዳ ላይ ቀጭን ዱላ ይዞ ቆሟል። ጥግ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው ይህ ሁሉ ሣር ከብት አይገባበትም ወይ ብለው ጠየቁ፤ ቤቱ ሳቀ። ልጅቷ ልትቀይረው ስትል አበጀ ቆይ አላት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣

«ይሄ ሰውዬ የሚመታው የአያ ደምሴን ምት ነው» አለ።

እኔም አይቼዋለሁ። ሰውየው ዱላውን ወደ ኋላ ሲወስድ ትከሻው ሙሉ በሙሉ ዞሮ ጀርባው ኳሷ የምትሄድበትን አቅጣጫ አየ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ የቆመ መሰለ። ከዚያ ጉልበቱ ቀደመ፣ ወገቡ ተከተለ፣ ትከሻው ቀጠለ፣ እጁ መጨረሻ መጣ። ኳሷ ከሄደች በኋላም ዓይኑ ኳሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ቀርቶ ነበር። ይህን ምት ከቴሌቪዥን በፊት ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ በታጨደ የገብስ ማሳ ላይ አውቀዋለሁ።

የአበጀ ቀኝ ዓይን የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ አበጀም ያውቀዋል። አገር የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። እሱን ልነግረው አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ቅዳሜም ሻይ የጠራሁት ለዚሁ ነበር።

ያኔ ሁለታችንም አሥራ ስምንት ዓመታችን ነበር። በመንደራችን የገና ጨዋታ ማለት ቀልድ አይደለም። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ሁለት ቡድን ይሆናል፤ በእኛ አገር «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ይባላል። ሩሯ ከወይራ ሥር ተጠርባ የተድበለበለች፣ ጨብጠው የማይዘነጓት ከባድ ኳስ ናት። ዱላው ጫፉ የተቆለመመ ነው። ሩሯን በዱላ እየመቱ የባላጋራን ወሰን ማሻገር ነው ነገሩ። አብዛኛው ሰው በክንዱ ይመታል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ማታ ክንዱን በቅቤ ሲያሸው ያመሻል።

አያ ደምሴ ግን በክንዳቸው አይመቱም ነበር። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ትንሽ የሚያነክሱ ገበሬ ነበሩ። ሆኖም እሳቸው የመቷት ሩር ከማሳው ጫፍ እስከ ማሳው ጫፍ ትሄዳለች። ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ እንኳ የተለየ ነው፤ ሌላው ሲመታ እንጨት የተሰበረ ይመስላል፣ እሳቸው ሲመቱ አንድ አጭር ደረቅ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ኅዳር ላይ ገብሱ ታጭዶ ሲከመር እኔና አበጀ ከትምህርት መልስ እየሄድን መለማመድ ጀመርን። ጠዋት ማሳው ላይ አመዳይ ያድራል፤ ከሰዓት ፀሐይዋ ስትበረታ ገለባው ይሞቅና የተቆላ እህል ሽታ ይሸታል። ኪሳችን ውስጥ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። እሳቸው ክምር ተደግፈው ያዩናል።

እኔ ደብተር ይዤ ነበር የምሄደው። ያኔም እንዲህ ነበርኩ። ሽፋኑ ላይ «የምት አሠራር» ብዬ ጽፌ፣ የተናገሩትን ሁሉ ቁጥር እየሰጠሁ አሰፍራለሁ። ዱላውን እንደ ሞፈር እርፍ አትጨብጠው፤ ጢም ያለ የጠላ ዋንጫ እንደያዝክ ያዘው፣ እንዳይወድቅ ብቻ። ሩሯን ሳይሆን ሩሯ ያለችበትን መሬት እይ። ከላይ ስትደርስ አትቸኩል። ስትመለስ በእጅህ አትጀምር፣ በጉልበትህ ጀምር። ስለ እጅ ብዙ ጠይቄያቸው ሲሰለቻቸው ጅራፍ አንስተው አስጮኹልኝ። እጃቸው ገና መንገድ ላይ ሳለ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የጮኸው ጫፉ ነው። ዛሬ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይህንኑ በፊዚክስ ቋንቋ አስተምራለሁ፦ ከባዱ አካል ተንቀሳቅሶ ሲገታ ፍጥነቱን ለቀላሉ ያስረክባል። ከእግር ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ዱላው ጫፍ። ኃይል የሚባለው ነገር ይህን ርክክብ አለማቋረጥ ነው። አያ ደምሴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ርክክቡን ግን አቋርጠውት አያውቁም።

ሁለት ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር። አንደኛው ስለ እግር ነው። ሩሯ መንገዷን የምትጠይቀው ከግራ እግርህ ነው ይላሉ። ግራ እግርህ ወዳየበት ትሄዳለች፤ ዓይንህ ሌላ ቦታ ቢያይ፣ አፍህ ሌላ ቢያወራ እሷ እግርህን ነው የምትሰማው። ሁለተኛውን በደብተሬ ላይ በቀይ ስክሪብቶ አስምሬበታለሁ፦ ሙሉ ምት ሩሯን ከመሬት ያነሳታል። ስለዚህ ፊት ለፊት ሰው ካለ ሙሉ ምት አይመታም፤ መሬት ለመሬት ይገፋል እንጂ።

አበጀ ምንም አይጽፍም። ቆሎውን እየቆረጠመ ያይና ተነስቶ ይመታል። መጀመሪያ ሳምንት ሩሯን ስቶ መሬት ሲመታ እኔ ስህተቱን እዘረዝርለት ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የእሱ ድምፅ አጭርና ደረቅ ሆነ። የእኔ አሁንም እንጨት ይሰብራል። «መምህር» ይለኝ ጀመር፤ ስሜ ከዚያ ጀምሮ መምህር ሆኖ ቀረ። «ደብተሩን ሩሯ ፊት ዘርጋላት፤ አንብባ ትሂድ» ብሎ ሲስቅ አያ ደምሴም ፂማቸውን እያሻሹ ይስቃሉ። አበጀ ክፋት የለውም ነበር። ዓይኑ ደግሞ ለጉድ ነው፤ ከመንደራችን ሆኖ ገደሉ ላይ ያለን ዋልያ ወንድ ነው ሴት ብሎ ይለያል። አጎቱ የዱር እንስሳት ጠባቂ ስለነበር እሱም ትምህርቱን እንደጨረሰ ጠመንጃ ይዞ ተራራው ላይ ሊሰማራ ነበር ሐሳቡ። ከዚያ ሌላ ሕልም አልነበረውም።

ያን ዓመት የአያ ደምሴ ጉልበት እምቢ አላቸው። እንደማይጫወቱ አስታወቁ። ዱላቸውን ለማን ይሰጡ ይሆን የሚለው የእኛ የታች ቤት ሰው ሁሉ ወሬ ሆነ። የወይራ ዱላ ነው፤ ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ ጠቁሯል። ለገና ሁለት ቀን ሲቀር እኔንና አበጀን አስጠሩን። ለእኔ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ቀን አልቀረሁም፤ የተናገሩት አንድ ቃል አላመለጠኝም። ዱላውን ከሰቀሉበት አወረዱና ለአበጀ ሰጡት።

«አያ ደምሴ፣ እኔ ምን አጎደልኩ?» አልኳቸው።

«ምንም አላጎደልህ። አንተ ምቱን ታስረዳለህ፤ እሱ ይመታዋል።»

ስንወጣ አበጀ ዱላውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ። ተራ በተራ እንመታበታለን አለኝ። አልፈልግም አልኩት። ያን ጊዜ ብቀበለው ኖሮ እያልኩ ያሳለፍኳቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

የገና ዕለት ቅዳሴው ወጥቶ፣ ጾሙ ተገድፎ፣ ሰው ሁሉ ሥጋና ጠላውን ቀማምሶ ማሳው ላይ ሲሰበሰብ ከቀትር አልፏል። ካህናቱ ጥላቸውን ዘቅዝቀው ክምሩ ሥር ተቀመጡ። ላይ ቤቶች «ታች ቤቶች ደብተር ይዘው መጡ» ብለው ሲቀልዱብኝ ከሁሉ በላይ የሳቀው አበጀ ነበር። በዚያ ቀን ቁጣ የለም። ይህን ደግሞ ማስረዳት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነውና። ገና ላይ ታላቅና ታናሽ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ተጠልፎ ሲወድቅ አቧራውን አራግፎ ይስቃል። የተመታ ሰው አይከስም፣ አይካስም፣ ቂም አይዝም። ልማዱ ለጨዋታው ማማር ብቻ አይደለም፤ ሠላሳ አርባ ወንድ ዱላ ይዞ አንድ ሜዳ ላይ ሲጋፋ ቁጣ ከገባ የሚሆነው ይታወቃል። አባቶቻችን አስበውበታል። ያላሰቡት አንድ ነገር ቁጣውን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ሰው መኖሩን ነው።

አበጀ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ወሰን አሻገረ። ሴቶቹ በስሙ ዘፈኑ። አያ ደምሴ ከክምሩ ሥር ተነስተው ቆመው ያዩት ነበር። እኔ ከእሱ ጋር በአንድ ቡድን ሆኜ እየተጫወትኩ፣ እሱ በመታ ቁጥር ሩሯን ትቼ ጥቁሩን ዱላ አይ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሩሯ ከግርግሩ ሾልካ ወደ እኔ መጣች። ብቻዬን ነበርኩ። ፊት ለፊቴ እስከ ወሰኑ ድረስ ሜዳው ክፍት ነው። በስተግራዬ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አበጀ የአያ ደምሴን ዱላ ከፍ አድርጎ «መምህር! ለእኔ፣ ለእኔ!» ይላል። ሁለት ምርጫ ነበረኝ፦ ወደ ወሰኑ ሙሉውን መምታት፣ አለዚያም መሬት ለመሬት ለእሱ መግፋት። ግራ እግሬን አነሳሁ። ወደ እሱ አዞርኩት። ከዚያ ሙሉውን መታሁ።

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ በትክክል የመታሁት ያን ነው። እጄ ላይ ምንም አልተሰማኝም። ድምፁ አጭርና ደረቅ ነበር።

ምን አስቤ ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ቅልጥሙን አግኝቼው አንክሶ እንዲወጣ ነው የፈለግሁት እላለሁ። ላስደነግጠው ነው እላለሁ። ዓይኑን አላሰብኩም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሙሉ ምት ሩሯን እንደሚያነሳት አውቅ ነበር። በቀይ አስምሬበት ነበር።

አበጀ አልጮኸም። ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ በጣቶቹ መካከል ደሙ ወረደ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ቀዳ አሰረችለት። ከመንገዱ ገብስ የጫነ መኪና ለምነን ዳባት ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ እነሱም ወደ ጎንደር ላኩት። መኪናው ላይ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። «አምልጣህ ነው፣ አይዞህ መምህር» አለኝ። እሱ እኔን ያጽናና ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንድ ዓይኑ ተመለሰ። አባቴ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ሙክት ይዞ ወደ አበጀ አባት ወደ አቶ ፈንቴ ቤት ሄደ፤ እኔንም ከኋላው አስከተለኝ። ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ ተዘጋጅቼ ነበር። አቶ ፈንቴ በራቸው ላይ ቆመው ሙክቱን አዩት።

«ይህን ምን አመጣው?» አሉ። «የገና ነው። በጉን መልሱት፤ እናንተ ግን ግቡ።»

አስገቡን። ጠላ ቀዱልን። የአበጀ እናት እንጀራውን አቅርባ ብላ ልጄ አለችኝ። ሳቅማማም በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ያን ጉርሻ እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ፣ ካሣ ቢጠይቁኝ አባቴ በሬውን ሸጦ ይከፍል ነበር፤ እኔም ከፈልኩ እል ነበር። ልማዱ ንጹሕ ሰው እንዳይጎዳ የተሠራ ነው። እኔ ንጹሕ መስዬ ውስጡ ገባሁና በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።

በዚያው ሰሞን አያ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። አውድማው ላይ ነበሩ፤ መንሹን አቁመው አዩኝ።

«ጥሩ ምት ነበር» አሉኝ፤ ቀጥለውም፣

«ግራ እግርህ የት ነበር?»

ከዚያ ሁሉ ተመልካች መካከል ሩሯን ሳይሆን እግሬን ያየ አንድ ሰው እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌላው ሰው ሩሯን ተከትሎ ነበር።

«ለሰው አልናገርም» አሉኝ፤ «የተናገርሁ እንደሆን ቂም ይሆናል። ወንድሞቹን ታውቃቸዋለህ። አንተ ግን እንግዲህ ተሸከመው።» መንሻቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ምት አስተምረው አያውቁም።

አበጀ ለጥበቃው ሥራ ሄዶ ሳይመዘገብ ተመለሰ። ጠመንጃ የሚነጣጠረው በቀኝ ዓይን ነው። በቅሎ ገዛ። እኔ ፈተናዬን አልፌ ኮሌጅ ገባሁ፤ ዳባት ተመደብኩ። ሲያገባ ሚዜ ያደረገው እኔን ነው። ሙሽራዋን ልናመጣ ስንሄድ መንገድ ላይ ልነግረው አሰብኩ፤ በደስታው ቀን አይሆንም አልኩ። አያ ደምሴ ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አደርን፤ በለቅሶ አይሆንም አልኩ። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ አንድ ነገር ግን የማስረዳበት ቀን አጣሁለት።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ምቱን ቀስ አድርጎ መልሶ አሳየ። በዚህኛው ካሜራው ከታች ነበር ያነሳው፤ የሰውየው ነጭ ጫማ ሣሩ ላይ ጎላ ብሎ ይታያል። ሰውየው ከመምታቱ በፊት ግራ እግሩን ትንሽ አነሳ፣ ትንሽ አዞረ፣ አስቀመጠው።

«እግሩን እይ» አለ አበጀ። «ገና ሳይመታት የት እንደሚልካት ተናገረ።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«አበጀ፣ ያን ቀን እኔ…»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። በቀኙ ያለን ሰው ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር አለበት። ደኅነኛው ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ ገደል ላይ ያለ ዋልያ የሚለይበት ዓይን ነው።

«መምህር» አለኝ በዝግታ፤ «እስካሁን የገና ነው። ከነገርኸኝ የገና መሆኑ ይቀራል። ልጆች አሉኝ። ወንድሞች አሉኝ። አትንገረኝ።»

ስልኩ ጠራ። እንግዶቹ ደርሰዋል። ተነሳ፤ ሻይህ ቀዝቅዟል፣ ሌላ አስቀዳ ብሎኝ ወጣ። በመስኮቱ በቅሎዋን ሲጭን፣ ጠፍሩን በጉልበቱ ደግፎ ሲያጠብቅ አየሁት። ከዚያ ቁልቁል ወደ እንግዶቹ ነዳት፤ በስተቀኙ የሚመጣ መኪና እንዳለ ለማየት በየጥቂት እርምጃው አንገቱን እያዞረ።

ፈተናዬን ተቀብዬ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር፤ በሾፌሩ በቀኝ በኩል። ልቀመጥ ስል አንድ ነገር ታወሰኝ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ወንበሩን ስቤ የተቀመጥኩበትን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። በሠርጉ ዕለት መንገድ ላይም፣ በአያ ደምሴ ለቅሶም፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአበጀ ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ያው ነው። ከቀኙ ነው የምቀመጠው። እዚያ ስሆን፣ እሱ አንገቱን ካላዞረ በቀር፣ አያየኝም።